ሁለቱ የፓናዮት ጠመንጃዎች

የመቶ አለቃ ተገኘ ከሆሳዕና በበቅሎ ተነሥቶ ሆመቾ አጠገብ ያለው የአቶ ሽብሩ ግቢ ሲደርስ፣ የተሻገረው ወንዝ ከኋላው ሞላ። እስኪጎድል ሦስት ቀን ይፈጃል አሉት። የሽብሩ አስከሬን ሳሎን ውስጥ ተጋድሟል፤ ደረቱን ነው የተመታው። አጠገቡ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ወድቋል። ገዳዩም ተይዟል ተባለ፤ ጎረቤቱ ከድር እህል ቤት ተቆልፎበታል፣ ወንዙ ሲጎድል ወደ ስቅላቱ ይወሰዳል። ተገኘ ግን ሥራው ሳይጀመር ሲያልቅበት የማይወድ ሰው ነበር።

«ማን ቆለፈበት?»

«እኔ» አለች የሟች ሚስት ጣቢታ፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ከጸሎት ስመለስ ባሌ ሞቷል። ጠመንጃው የከድር ነው። ቀይ የቆዳ ማንገቻውን የማያውቅ የለም።»

የሟች ወንድም ሳህሉ ተቀበላት። «እኔና ከድር ከርከሮ ጠብቀን ስንመለስ ጠመንጃችንን እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የምንሰቅለው። የኔ ይኸው እንደ ተሰቀለ ነው፤ አልተተኮሰበትም።»

ተገኘ ሁለቱንም አገላበጣቸው። ሁለቱም ላይ «ፓናዮት፣ አዲስ አበባ» የሚል ተቀርጿል። ከማንገቻው በቀር የሚለያቸው የለም። የመሣሪያ ፈቃዱን የሞላው ጸሐፊም «ፓናዮት፣ አንድ» ብሎ የጠመንጃውን ቁጥር ዘሎታል። እንዲህ ያለ ጸሐፊ ሲያጋጥመው ተገኘ ደሙ ይፈላ ነበር።

እህል ቤቱ መስኮት የለውም። ከድር በበሩ ስንጥቅ አፉን አስጠግቶ አየር ይስባል።

«ማሳው ዳር ነበርኩ ጌታዬ። ያየኝ ግን የለም። እዚህ ውስጥ ሳልሰቀል ልሞት ነው።»

«ጠመንጃውን ስትገዛ ደረሰኝ ሰጥተውህ ነበር?»

«ሚስቴ ረሂማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።»

ከቀትር በኋላ ተገኘ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ከድርንም አስወጣው። ረሂማ በዝናብ ርሳ መጥታ፣ ደረሰኙን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችው።

«ፓናዮት ነጋዴ ነው እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አይደለም» አለ ተገኘ። «ይሄ የበልጅግ፣ የቤልጅየም አገር ሥራ ነው። እዚያ ያሉት ሠሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ይልካሉ፤ የሚሸጠው ባለሱቅ የራሱን ስም ያስቀርጽበታል። በአንድ ስም ብዙ ጠመንጃ አለ። ሠሪው ጠመንጃዎቹን የሚለያቸው በቁጥር ነው።»

የሁለቱንም ከአፈሙዝ ሥር ያለውን እንጨት ፈታ። ዘውድ የተደፋበት እንቁላል መሰል የአገሩ ማኅተም ወጣ፤ ከጎኑ ቁጥር።

«ባለ ቀዩ ማንገቻ 418 ነው። ግድግዳ ላይ የነበረው 417። የከድር ደረሰኝ 417 ይላል። እንግዲህ ሽብሩ የተገደለው በሳህሉ ጠመንጃ ነው፤ ማንገቻዎቹ ተቀያይረዋል።»

«ከድር የኔን አንሥቶ ቢተኩስስ?» አለ ሳህሉ።

«ያንተን ማንገቻ እንዳለ ይተወው ነበር እንጂ የራሱን አያስርበትም። ማንገቻዎቹ በመቀያየራቸው የሚጠቀመው አንተ ብቻ ነህ። በራስህ ጠመንጃ ከተኮስክ በኋላ ማንገቻ ስትቀይር ጠመንጃ የቀየርክ መሰለህ።»

ሳህሉ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «የአባታችንን የእንሰት መሬት ለትምህርት ቤት ሊሰጥብኝ ነበር። ለምኜው ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜው ነበር።»

ጣቢታ ወደ ከድር ዞረች። «ያለ ጥፋትህ የቆለፍኩብህ እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ እኔን ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ» አላት ከድር። ረሂማን አስከትሎ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ሳህሉ ማንም ሳይገፋው እህል ቤት ገባ። ጣቢታ በሩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ መልሳ አጠለቀች። ወንዙ እስኪጎድል ሦስት ቀን አለ። ግቢው ውስጥ ሌላ ሴት የለም፤ ለባሏ ገዳይ ምሳና ራት የምታቀብለው እሷ ናት።