ሙርጉ ሳያነብ የፈረመው

የከተማዋ ትራም ኮፑ ፌርማታ ላይ ሲቆም «አናጢው» የሚባለው አለቃዋ ገብቶ ከረዳት መምህሯ ጎን ተቀመጠና ጋዜጣ ዘረጋ። በጋዜጣው ስር የአንድ የድጋፍ ደብዳቤ ረቂቅ ፎቶ አሳለፈችለት።

«የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

«የራሱ የሙርጉ።»

«ራሱ ጻፈው? ሰውየው ታሟል እንዴ?»

ቢስቅ አይፈረድበትም። በዚያ ፋኩልቲ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር የለም። ተማሪው ራሱን አሞካሽቶ ጽፎ ያመጣል፣ ፕሮፌሰሩ ይፈርማል። ኦክታቪያን ሙርጉ ደግሞ በስንፍናው የሚኮራ ሰው ነው። ለጥቂት ተማሪዎች ብቻ እስክሪብቶ አንስቷል። ሁሉም አንድ የውጭ ፋውንዴሽን ነጻ ትምህርት ሰጥቷቸው ሄዱ፤ ሁሉም ለባዕድ ሲሰልሉ ተገኙ። ከጀርባው ማን እንዳለ ግን አይታወቅም።

አሁን ተራው የኢሊንካ ዶብሬ ነው። ከታመመች እናቷ በቀር ሰው የላትም፤ ጭንቅላቷ ግን ምላጭ ነው።

«ስምምነታችን ልጅቷ ሳትነካ ሙርጉ እንዲያዝ ነበር» አለች ረዳት መምህሯ። በጸረ ስለላ መሥሪያ ቤቷ «ጥድ» ትባላለች። ለፋኩልቲው በሽፋን ስሟ ሩክሳንድራ ናት፣ የሙርጉ ረዳት።

«ተለውጧል። ትሂድ። ማን እንደሚቀበላት እናያለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አብራቸው ትታሰራለቻ።»

«ቃል ሰጥተኸኛል!»

«የኔ እመቤት፣ እኛ ቤት ቃል ማን ሰጥቶ ያውቃል?» ጋዜጣውን አጥፎ ወረደ።

ከድቷታል።

ሙርጉ ረቂቁን በኮምፒውተር እንድትጽፈው ለእሷ ሰጥቷት ነበር። ሰላይነቱን እንኳ ለረዳት ያሸክማል! ተቀመጠችና ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። «ኢሊንካ ዶብሬ ወሬኛ ናት። ምስጢር አትጠብቅም። የፋውንዴሽኑን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል ደጋግማ ጠይቃኛለች።»

አርብ ጠዋት የደብዳቤውን ክምር ፊቱ አስቀመጠች። ሙርጉ ኮቭሪግ እየገመጠ ይፈርም ጀመር። የዳቦው ሰሊጥ ፊርማው ላይ ይረግፋል።

«የዶብሬስ?»

«እሱ ነው የያዙት፣ ፕሮፌሰር።»

እጁ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።



«መነጽሬን የት አደረግኩት?»

«ቤት ረስተውት ይሆናል።» መነጽሩ ኪሷ ውስጥ ነበር።

«ተይው፣ አንቺ ከጻፍሽው ምን አነባለሁ።»

ፈረመ።

ይሄ ነው እንግዲህ ምሁሩ! ትውልድ የሚቀርጸው!

ደብዳቤው ወደ ፋውንዴሽኑ በፖስታ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው ሳያንኳኳ የሙርጉን ቢሮ በረገደ። ዛልትስ ይባላል፤ ከፋውንዴሽኑ ጀርባ የነበረው እሱ ነው። ፊቱን ለማንም አሳይቶ አያውቅም ነበር፤ ፍርሃት በጠራራ ፀሐይ በእግሩ አመጣው።

«ገንዘቡን ማን ይከፍላል የምትል ልጅ ትልክልኛለህ? በፊርማህ? አብደሃል?»

«ምኑን? የቱን?»

«ይኸው! ወሬኛ ናት ብለህ ጽፈሃል! አላነበብከውም?»

«እኔ እኮ አላነብም! ፋኩልቲው ሁሉ ያውቃል!»

ሩክሳንድራ ጠረጴዛው ስር የለጠፈችው የድምፅ መቅጃ ሁሉንም ዋጠ። ሙርጉን በስውር የሚከታተሉት የአናጢው ሰዎች ዛልትስን ተከትለው ገብተው ነበር። ሁለቱንም እጅ ከፍንጅ ያዟቸው።

ኢሊንካ ኮሪደሩ ላይ የነጻ ትምህርቷን መልስ ልትጠይቅ ቆማ ጩኸቱን ሰምታለች። ሙርጉ ካቴና እንዳጠለቀ «ሩክሳንድራ ናት የጻፈችው! እሷን ጠይቁ!» እያለ አለፈ። በተያዘበት ቀን እንኳ ጥፋቱን ለረዳት።

ልጅቷ ከአጠገቧ ወደቆመችው ሩክሳንድራ ዞረች።

«እርስዎ ነዎት?»

እውነቱን ብትነግራት ልጅቷ ምስጢሩን የምታውቅ ሰው ትሆናለች። የምታውቅ ሰው ደግሞ ትመረመራለች።

«እኔ ነኝ።»

«ወሬኛ ናት ብለው? እኔን?»

«አዎ።»

«ምን አደረግኩዎት?»  ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «አንቺ ምቀኛ! ለካ እሱ ካንቺ ይሻላል።»

አመማት። ከዚያ ዝቃጭ ሰው ጋር ተመዝና መቅለሏ ከልብ አመማት። ደረጃውን ወረደች።

አናጢው በሩ ላይ ሲጋራ ይዞ ቆሟል።

«ተንኮለኛ ነሽ። ልጅቷ በደብዳቤሽ የተነሳ መዝገባችን ላይ ‹ለስለላ አትሆንም› ተብላ ሰፍራለች። ማጥመጃ ላደርጋትም ላስራትም አልችልም።»

«እንዲያ እንዲሆን ነው የጻፍኩት።»

«አንቺ ግን እዚህ አበቃልሽ። ሩክሳንድራ የምትባል ሰው አልነበረችም።»

«አንተን አለማየት ብቻውን ሽልማት ነው» ብላው ሄደች።

ከከተማዋ በሚያስወጣት ባቡር ላይ ወረቀት አውጥታ ስለ ኢሊንካ እውነቱን ጻፈች። ካስተማረቻቸው ሁሉ ሳይገባት «ገባኝ» ብላ የማታውቅ እሷ ብቻ መሆኗን፣ የእናቷን መድኃኒት ሰጥታ እየሮጠች መጥታ ከሁሉም ቀድማ ክፍል የምትገኘው እሷ መሆኗን፣ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢያገኛት እንደሚያተርፍ። አንድም ቃል አላጋነነችም። ደግማ አነበበችው። ጥሩ ደብዳቤ ነበር።

የምትፈርምበት ስም ስላልነበራት ቀደደችው።