ከትራሱ የወጣ ቀንድ አውጣ

«እንዳትነኪው! እጅሽ ላብ አለው» አለ ድንጋይ ስለሚሰበስብ ክፍሉ «ሙዚየም» የሚለው ልጅ፣ ጋዜጣውን ከድንጋዩ ላይ ቀስ አድርጎ እየገለጠ።

ቀጮ እጇን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ቀንድ አውጣ ትልቅ ሰሃን ያክላል። ምድሩ ባሕር በነበረበት ዘመን ሞቶ ድንጋይ የሆነ ፍጥረት ነው፤ ጥምዝምዙ አንድም ቦታ አልተሸረፈም። የሳይንስ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አድርገውም አዩት።

«ይሄማ ለኤግዚቢሽኑ አንደኛችን ነው! ከየት አገኘኸው?»

«ከካባው ጥራጊ ቁልል ላይ» አለ።

«ሙዚየም፣ ትኬት ቁረጥልና!» ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ። ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። የልጁ አባት ከሞተ ወር ስላልሞላው ጭብጨባው ከወትሮው ረዘመ።

ቀጮ አላጨበጨበችም። የቀንድ አውጣውን ጀርባ እያየች ነበር።

የሰፈሩ ሰው የሚተዳደረው በድንጋይ ካባው ሥራ ነው። ገደሉ እንደተደራረበ ፍራሽ ነው፤ አንድ ወፍራም ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ስስ ጥቁር ጭቃ ድንጋይ፣ እንደገና ነጭ፣ እንደገና ጥቁር። ነጩ ተኝቶበታልና ሠራተኞቹ ጥቁሩን «ትራስ» ይሉታል። ትራስ አይነካም። ከሥሩ ባዶ ከሆነ ነጩ ይናዳልና ትራሱን የጎረጎረ ሰው በዚያው ቀን ከሥራ ይባረራል። ቀንድ አውጣዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ትራሱ ውስጥ ነው። ድማሚት ፈንድቶ ቁልሉ ላይ ሲጣሉ ይሰባበራሉ፤ የያዛቸው ጥቁር ድንጋይም ፀሐይ ሲመታው እንደ አሮጌ ቀለም ይላላጣል። ሁለቱ ልጆች ስንት ዓመት ሙሉ ቁልሉን ሲበረብሩ ኖረው ግማሽ እንጂ ሙሉ አግኝተው አያውቁም።

የዚህኛው ጀርባ ለስላሳ ነበር። ዙሪያውን የመሮ ጭረት አለበት።

ቤት ስትደርስ አባቷ እንደተለመደው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። አደጋው እስከደረሰበት ቀን ድረስ ሥራው መስማት ነበር። ሰው ከገደሉ ሥር ከመግባቱ በፊት ድንጋዩን በዲጂኖ ይመታል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ «ግቡ» ይላል፤ ከደነቆረ ማንም አይገባም። በዚያ ቀንም መታው፤ ሰማ፤ «ግቡ» አለ። ቀድሞ የገባው ጓደኛው፣ የሙዚየም አባት ነበር፤ ገደሉ ተናደበት። እሱን ከሥር ሊያወጣ ሲጎትት ነው የራሱ እግር የተጨፈለቀው። አለቃው ግን «ሳይመታ ነው ያስገባቸው» አለ፤ ሰፈሩም አመነ። ቀጮን እንደ ልጇ ታይ የነበረችው የሙዚየም እናት እንኳ መንገድ ላይ ስታገኛት ፊቷን ታዞራለች።

«አባዬ፣ ብላ እንጂ።»

«መትቼው ነበር እኮ» አለ አባቷ፣ ለግድግዳው። «ጆሮዬ ነው የከዳኝ። ሰው ገደልኩ፣ ልጄ።»

ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ሙዚየምን ቁልሉ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው።

«ከቁልሉ አይደለም ያገኘኸው።»

«አቦ ተይኝ! ቀናሽ እንዴ?»

«ጀርባውን አየሁት። መሮ ነክቶታል።»

«ስጠርገው ነዋ!»

«እኔን ነው ፋራ የምታደርገኝ? ቁልል ላይ የከረመ ድንጋይ እንደዛ ለስላሳ ይሆናል?»

ሙዚየም ጉልበቱን አቀፈ።

«መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ነበር የታየኝ» አለ። «በየእሁዱ እየመጣሁ ቆፈርኩ። ሰውነቴ እስኪገባ። ዘበኛው እንዳያይብኝ ጉድጓዱን በጠጠርና በጭቃ ጠቅጥቄ ሞላሁት። በደንብ ጠቀጠቅኩት ቀጮ… ቢመታ እንኳ ባዶነቱ የማይሰማ አድርጌ። አባዬ የገባውም እዚያው ሥር ነው።»

ቀጮ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«የኔ አባት ሰው ገደልኩ እያለ ነው።»

«አውቃለሁ። እናቴም እሱን ስትረግም ነው የምትውለው። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።» አንድ ጠጠር አንስቶ ወረወረ። «ኤግዚቢሽኑ ላይ አባዬ መጥቶ እንዲያየው ነበር እኮ። እናቴ ይሄን ከሰማች በምን ዓይኗ ታየኛለች? በናትሽ ቀጮ። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

ስትመጣ ልትጮህበት ነበር። አሁን ግን የምትጮኸው ጠፋት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ ብልጭ አለባት።

«ሌላ ቦታስ ቆፍረሃል?»

ሙዚየም ወደ ገደሉ በአገጩ አመለከተ።

«አንድ። ከድንጋይ መፍጫው ማሽን ፊት ለፊት።»

«ሰኞ ሥራ የሚጀምሩት እዚያ ነው!»

«ነገ ገብቼ ጠጠሩን አወጣዋለሁ። ባዶ ከሆነ ሲመቱት ይሰማል…»

«ከሥሩ ገብተህ?»

«ቢወድቅብኝስ ምን አለበት?»

«ዝም በል!» ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። «እዚያ ብትደርስ አልምርህም። ዛሬ እንናገራለን።»

ሙዚየም አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ለእናቴ መጀመሪያ እኔ ልንገራት» አለ። «እስኪመሽ ብቻ ታገሺኝ።»

ሲመሽ ቀጮ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከማዶ ያለውን የእነሙዚየምን መስኮት ትመለከት ነበር። መብራቱ በርቷል። ምናልባት አልነገራት ይሆናል፤ ምናልባት አይነግራት ይሆናል። ከዚያ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ በአደጋው ቀን የተሰማው ዓይነት። ከአንድ ልብ ሁለት ጊዜ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ መውጣት ጀመሩ።

እግሯ ወደ እነሱ ቤት ሊሮጥ ቃጣው። ግን ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው። አባቷ በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ክራንቹን በእጁ እየፈለገ ነው።

«ምን ሆኑ? የማን ጩኸት ነው?»

ቀጮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

«አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለች። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ሙዚየምን እንዳትጠላው።»