መሐላና ፊሽካ

ፊሽካው ለአራተኛ ጊዜ ሲነፋ እፀገነት ከድንጋይ አጥሩ ላይ ዘላ ወረደች። አሁንም የተፈረደው ለይሥሐቅ ነው።

«አሁን ደግሞ ምን ተደርጎ ነው?» አለች።

«ማኖ ነክቷል» አለ ወንድምአገኝ፣ ኳሱን የተቀማውን ልጅ በአገጩ እያመለከተ። «አላየሽም?»

አላየችም። አለማየቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

የሞላሌ ትንንሽ ልጆች የቅዳሜ ጨዋታ የእሷ ነበር ማለት ይቻላል። ስምንተኛ ክፍል ናት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው መስክ ሰብስባ ማጫወት ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ጎል አይቆጠርም፣ አሸናፊ የለም፣ ሲደክማቸው ያበቃል። ሲጣሉም ዳኛ አይፈልጉም ነበር። «ማኖ ነው» «አይደለም» ከተባባሉ እሷ ወይም አንዱ ልጅ «ማል» ይላል፤ የተጠየቀው «ማርያምን አልነካሁም» ካለ ኳሱ የእሱ ነው። መማል ያልደፈረ ያስረክባል። በማርያም ስም በሐሰት የሚምል ልጅ መንዝ ውስጥ አይገኝም ብላ እፀገነት አጥብቃ ታምን ነበር።

ወንድምአገኝ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤቱን የሚጠብቅ ጎረምሳ ነው። በቅርቡ ደብረ ብርሃን የአምስት ቀን የዳኝነት ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬትና ፊሽካ ይዞ ተመለሰ፤ ቢጫ ካርዱን ከሳሙና ካርቶን ራሱ ቆረጠ። ሕፃናትም ቢሆኑ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሊዳኛቸው ይገባል ብሎ ርዕሰ መምህሩን መምህር አፈወርቅን ለመናቸው። እሳቸውም ለሦስት ቅዳሜ ይሞከር፣ ከዚያ በኋላ ባለው አርብ ሁለታችሁም ቢሮ መጥታችሁ ታስረዱኛላችሁ አሉ። ፊሽካው ከጸና መስኩ የወንድምአገኝ ይሆናል።

ዛሬ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ኳስ ከመምታታቸው በፊት የወንድምአገኝን አፍ ማየት ለምደዋል። የስድስት ዓመቷ አመተሥላሴ ቢጫ ካርድ ሲወጣባት ሊገርፋት መስሏት ነጠላዋን ተከናንባ አለቀሰች። እፀገነት እሷን እያባበለች ዓይኗን ከዳኛው ላይ አልነቀለችም።

አባቷ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይወዳሉ፤ ልጃቸውም ከአባቷ ርስት ይቺኑ ቀድማ ወስዳለች። እናቷ እትዬ አየለች ደግሞ «ይቺ ልጅ ጡት ስትጠባም አንድ ዓይኗን ከፍታ ነበር» ይላሉ። ታዲያ ሰርተፊኬት ያለው ጎረምሳ የጨርቅ ኳስ ከሚያባርሩ ሕፃናት ምን ይፈልጋል? ለምንስ ሁልጊዜ ለይሥሐቅ? ይሥሐቅ የቄስ ገብረየሱስ ልጅ ነው፤ የሰባት ዓመት ቀጫጫ፣ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር ኳስ ሲያስረክብ የኖረ። ልጆቹ «ማኖ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እፀገነትም በዚያ ስም ጠርታዋለች። እንዲህ ያለው ልጅ በአንድ ጊዜ ፍርዱ ሁሉ ሲቀናው ነገር አለው።

በተከታዩ ረቡዕ ደግሞ ወንድምአገኝ ከቄስ ገብረየሱስ ግቢ ሲወጣ አየችው። ጋቢው ሥር አንድ ነገር ወሽቋል። «አገኘሁህ» አለች በልቧ። የቄሱ ቤት ለፍርዱ ምን እንደሚሰጠው ሳታጣራ አርብ ቢሮ አትገባም።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ ይሥሐቅን ቦኖው አጠገብ ጠበቀችው። ውሃ የሞላ ትንሽ ጄሪካን ይዞ መጣ።

«ወንድምአገኝ ትናንት እናንተ ቤት ምን ሊሠራ መጣ?»

«ጠበል ሊወስድ። እናቱን አሟቸዋል።»

ያ ነገር ጠርሙስ ነበር ማለት ነው። እፀገነት ግን ለአንድ ጠርሙስ ብላ ጥርጣሬዋን የምትጥል ልጅ አይደለችም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ላንተ ይፈርዳል ስትል አፋጠጠችው።

ይሥሐቅ ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠ። «ስለሚያይ ነው» አለ።

«እኔስ ዓይን የለኝም?»

«አንቺ ማል ነው የምትዪኝ። አባባ ደግሞ እንዳትምል ብለውኛል። እውነት ቢሆንም አይማልም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።» የጄሪካኑን እጀታ እንደገና ያዘ። «ፊሽካው ከቀረ እኔ አልመጣም» አለና ሳይቀየማት፣ ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ሄደ።

እፀገነት ቦኖው አጠገብ ቆማ ቀረች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መማል ያልፈለገ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ስትል ኖራለች። አገር ምድሩን ስትጠረጥር «ማርያምን» ባዩን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችም። አፈረች። «ማኖ» ብላ ስትጠራው ዞሮ «አቤት» ይላት እንደነበር ትዝ ሲላት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

አርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። መሐላውን ራሷ ብታስቀረውስ? ማንም ሳያውቅ፣ ከነገ ጀምሮ ማል መባባል የለም ብትላቸው ያልቃል። ግን ከዚያ በኋላ ማን ሊፈርድ ነው? ያው እሷ ናት፤ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ያላየችው። የወንድምአገኝ ካርድ ልጅ ማስለቀሱም እውነት ነው። ለራሷ የሚያመች መልስ ባገኘች ቁጥር መልሱን መጠርጠር ጀመረች፤ ይህ ለእሷም አዲስ ነበር።

ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የተናገረው ወንድምአገኝ ነው። ሰርተፊኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስለ ሕጉ አስረዳ። መምህር አፈወርቅን ብዙም አልጣማቸውም። ጎል የማይቆጠርበት ጨዋታ ምን ዳኛ ያሻዋል፣ ደግሞስ ልጅ አስለቅሰሃል ይባላል አሉት። ወንድምአገኝ ፊቱ ቀላ።

«ካርዱ ይቅር» አለ። «ግን ሜዳው ላይ የሚበደል ልጅ ያለ ይመስለኛል። እንዴት እንደሆነ ብቻ አልገባኝም።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እፀገነት ዞሩ። «አንቺ ያለ ዳኛ ተስማምተው ይጫወታሉ ብለሽኛል። እስከ ዛሬ የተበደለ ልጅ አለ?»

የለም ማለት ብቻ ይበቃል። መስኩም ቅዳሜውም የእሷ ሆነው ይቀራሉ። ወንድምአገኝ በእጁ ምንም ማስረጃ የለውም። ይሥሐቅም እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ይቀራል።

«አለ፣ መምህር» አለች።

ወንድምአገኝ ቀና ብሎ አያት። መምህር አፈወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ማን እንደበደለው ጠየቋት።

«እኔ ነኝ» አለች እፀገነት። ከዚያም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመሐላው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።