«ለምሳሌ ዒፍራህ»

«ለምሳሌ ጓደኛዬ ዒፍራህ!» አለች ነስራ፣ ማይኩን አፏ ላይ ለጥፋ። «ስኳር አለባት። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች።»

ግቢው ሙሉ ተማሪ ዞሮ ዒፍራህን አየ።

ዒፍራህ ራሷ ከሣለችው ሥዕል አጠገብ ደርቃ ቀረች። የሳይንስ ቀኑን የውድድር ዝግጅት የሠሩት ሁለቱ አብረው ነው። ስለ በሽታዋ ግን አንዲት ቃል እንዳይነሳ ተማምለው ነበር። እናቷ «የሴት ልጅ ነገር ነው፤ ማንም እንዳይሰማ» ብላ አስጠንቅቃታለች። ከቤተሰብ ውጭ የሚያውቁት ነስራና የነስራ እናት ብቻ ነበሩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ! ጭብጨባው ቀለጠ፤ ለነስራ።

የክፍላቸው ነገረኛ ሳማታር ከኋላ እጁን አወጣ። «ቆይ፣ እሱ ነገር ከአሳማ አይደል እንዴ የሚሠራው? ሀራም ነዋ!»

ሳቅና ጉርምርምታ ሆነ። ነስራ መልሱ ጠፋት፤ ይህን ክፍል ያጠናችው ዒፍራህ ናት። «ዒፉ... እባክሽ» አለች በሹክሹክታ፣ ማይኩን እየዘረጋችላት።

ይበላት! እዚያው ትፈር! ዒፍራህ መጀመሪያ ያሰበችው ይህን ነው። ግን ዛሬ ዝም ካለች ነገ ሰፈሩ ሁሉ «ያቺ የአሳማ መርፌ የምትወጋዋ» ሊላት ነው። ማይኩን ነጠቀቻት።

«ድሮ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር የሚወጣው» አለች። «የእኔ ግን እንደዚያ አይደለም። ኢንሱሊን የሚያሠራውን የሰው ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል። ባክቴሪያው እየተራባ ልክ የሰው የሆነውን ኢንሱሊን ይሠራል፤ ከዚያ አጣርተው ያወጡታል። አሳማ የሚባል ነገር የለበትም። ሌላ ጥያቄ አለህ?»



ዒፍራህ ወደ ቤት ስትሄድ ነስራ ሮጣ ደረሰችባት።

«ወላሂ፣ ዳኞቹን ለመማረክ ብዬ ነው! አንደኛ ወጣን እኮ!»

«አንቺ ወጣሽ። እኔን አውጥተሽ ሸጥሽኝ።»

ነስራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «መድኃኒትሽስ? ከእኛ ቤት መውሰድሽን ልትተዪ ነው?»

እነ ዒፍራህ ፍሪጅ የላቸውም። ብልቃጦቹ የሚቀመጡት በነስራ እናት ፍሪጅ ውስጥ ነው። በዚህ ሙቀት ውጭ ቢያድሩ ይበላሻሉ።

«ዛሬውኑ መጥቼ ሁሉንም እወስዳለሁ» አለቻት።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የሚላት ኩልሚዬ፣ የለስላሳ ሱቋ በር ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ዒፍራህ ፊታቸው ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ኤዶ፣ ፍሪጅሽ ውስጥ ትንሽ ቦታ ትሰጪኛለሽ? ለኢንሱሊኔ ነው።»