ያለ ባትሪ የሞቀው ላፕቶፕ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራው ጀርባ ላፕቶፕ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፣ ጠበል ተረጭቶ የዳነ ማሽን እስካሁን አላየሁም፣ ኤሌክትሪክ ካለ ሙቀት አለ፣ ከሌለ የለም፣ በቃ። እመነኝ፣ ነገሩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ።

መቅደስ የምትባል የሀና ማርያም ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ በቅርቡ ያረፉትን የአባቷን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ይግላል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ከዚያ ድርግም ይላል አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ የሚሠራው በሱ ነው፣ የምታቀርብበት ቀን ደርሷል፣ ሌላ ማሽን ደግሞ የላትም። ስፈታው ፋኑ በነጭ ጥጥ ታፍኗል። ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ይቺ የኛው አገር በሽታ ናት፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋ ላይ ይወጣል፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ለምን ጋለብኝ ብሎ ይመጣል። መቅደስም አልካደችም፣ አባቷ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ትራስ ተደግፈው እንዲያ ነበር የሚሠሩት፣ እሷ ግን ጠረጴዛ ላይ ነው የምትጠቀመው።

ጥጡን ጠርጌ ጣልኩ። የስክሪኑ ገመድ ማጠፊያው ጋ ተበልቶ ነበር፣ በአዲስ ቀየርኩት፣ ምስሉ ጥርት አለ። ባትሪው ስላበጠ አውጥቼ ለብቻው አኖርኩትና ላፕቶፑን መደርደሪያ ላይ ትቼ፣ ሱቁን ቆልፌ ጎፋ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት ላነሳው ስል ሞቋል። የሚያቃጥል አይደለም፣ ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር ዓይነት ሙቀት ነው። ባትሪ የለው፣ ሶኬት ላይ አልተሰካ፣ ፀሐይ ነው እንዳልል ሱቄ መስኮት የላት! ቻርጀር ሰክቼ ከፈትኩት፣ ስክሪኑ ጨለማ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ያው ጨለማ፣ ተናድጄ ክዳኑን ወደ ኋላ ገፋ ሳደርገው በራ፣ ቀጥ ሳደርገው ጠፋ። ልብ በል፣ የሚበራው አልጋ ላይ ጋደም ላለ ሰው እንዲታይ ሲያዘነብል ብቻ ነው። ፈታሁት፣ ፋኑ እንደገና ጥጥ ይዟል፣ መሀሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ክር አለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ነበር፣ ሄጄ አየሁ፣ የያዘው ሁሉ ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አጠገቡ ያደሩትን ላፕቶፖችም ፈታሁ፣ ንጹሕ ናቸው። ነገሩ ከማስፈራቱ ይልቅ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ዋለ።

መቅደስ ስትመጣ ጥጡን ደበቅ አድርጌ የአባቷ ጋቢ የት እንዳለ ጠየቅኳት። አርባቸው ሲወጣ ከልብሳቸው ጋር ለነዳያን ተሰጥቷል። ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣

«ጋሼ፣ አረንጓዴ ክር አገኙበት እንዴ?» አለች።

ክው አልኩ። ለካ የጋቢው ጠርዝ ሲተረተር እናቷ በአረንጓዴ ክር ሰፍታው ኖሯል። ጥጡን አውጥቼ ሰጠኋት፣ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ የመጀመሪያውን ጠርጌ እንደጣልኩት ስነግራት ግን እንባዋ መጣ። አቅሜ እዚህ ድረስ ነው ብያት ላፕቶፑን እንዳለ ወሰደችው።

በኋላ ደውላ መመረቂያዋን አቅርባ ማለፏን ነገረችኝ፣ ክዳኑን አዘንብላ፣ እየሞቀ፣ አንዴም ሳይጠፋባት ነው ጽሑፏን የጨረሰችው። ተገላገልኩ ብዬ ነበር፣ ባለፈው ሰሞን ተመልሳ መጣች። ሰው ሁሉ ሞቀብኝ ብሎ ነው እኔ ጋ የሚመጣው፣ እሷ ግን፣

«ካለፍኩ ወዲህ መሞቁን ትቷል፣ ጋሼ። ይሠሩልኛል?» አለችኝ።

ፈታሁት፣ ፋኑ ንጹሕ፣ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ይበራል፣ እንዲህ ያለ ጤነኛ ማሽን አይቼ አላውቅም። ፊቷን አይቼ የለም ማለት አቃተኝ፣ ይደር አልኳት። በማግስቱ ሱቁን ከፍቼ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ በእጄ ጀርባ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። አሁን ለልጅቱ ምን እላታለሁ እያልኩ ወንበሬን ስቤ ቁጭ አልኩ።

ወንበሬ ሞቃለች።

ከዚያ ወዲህ ቆሜ ነው የምሠራው፣ ደንበኞች ምነው ሲሉኝ ወገቤን ያመኛል እላቸዋለሁ።