የጵርስቅላ የዝናብ መዝገብ

ብሩ ወደ ሆሳዕና ከተማ የመጣው እኔን ሊመረምር ነበር።

ጊዜው 1963 ዓ.ም. ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ያለውን የዝናብ መለኪያ በየማለዳው የማነበው እኔ፣ ጵርስቅላ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የተላከው ባለሙያ፣ ብሩ፣ መዝገቤን ገልጦ፣

«ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከመለኪያው።»

«ያለፉት አምስት ዓመታት ዝናብ ከቀድሞው አማካይ አንድ አምስተኛ ጎድሏል። ወይ ሳታነቢ ጽፈሻል፣ ወይ...»

«ዋሽተሻል ነው የሚሉኝ?»

መዝገቡን ዘጋው። ዓይኑን ግን ከፊቴ አልነቀለም። ተናደድኩ... ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያንን ዓይን ወደድኩት!

በማግስቱ ከሥራ እንድነሳ መጻፉን ሰማሁ። መናኸሪያ ስደርስ ሊሳፈር ነው።

«አቶ ብሩ! እኔን አይመኑ። ዶዮገና ከተማ ሌላ መለኪያ አለ፤ አንባቢውን አይቼውም አላውቅ። መዝገቡን ከኔ ጋር ያመሳክሩ። የሱ ካልጎደለ ውሸታም ነኝ!»

«ደብዳቤው እኮ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል...»

«ስሜም አብሮት ሄዷል!»

ሻንጣውን አወረደ።

ሦስት ቀን ሰው ሁሉ ተንሾካሾከብኝ። አባቴ ማቴዎስ እህል አልቀምስ አለ። በአራተኛው ቀን ብሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ።

«ያንቺ በጎደለበት ዓመት የዶዮገናውም ጎድሏል። አጋጣሚ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አሰላሁት፤ አይደለም። ዝናቡ ራሱ ነው የቀነሰው። ይቅር በይኝ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ የአባቴ ማሳ ታየኝና አለቀስኩ።

«ስህተቱ የኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ» አለ።

«ቢያባርሩዎትስ?»

«ያባርሩኝ! አንቺ እውነቱን ጽፈሽ እኔ ልደብቅ?»

ሄደ። ሁለት ወር ድምፁ ጠፋ። እኔ ሥራዬ ላይ ስቆይ፣ እሱን ግን የዝናቡን መቀነስ ከሪፖርቱ አልሰርዝም በማለቱ ከቢሮው አነሱት። ይህን የሰማሁት ዱራሜ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆኖ ከተቀጠረ በኋላ፣ ሽማግሌ ይዞ ደጃችን ሲቆም ነው።

አባቴ አፈጠጠበት። «ልጄን ውሸታም ያልካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ። በሰው ፊት በደልኳት፤ በሰው ፊት ልክሳት መጣሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ጵርስቅላ፣ ምን ትያለሽ?»

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «ይግባ፣ አባዬ...»

በጥር ተጋባን።