ያላጻፍኩት ገጽ

ይህ ነገር የደረሰው በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ አሳስቷት ነው፣ እንቅልፍ ተጫጭኗት ነው የሚል ካለ አፉን ይያዝ። ያመነ ይመን፤ ያላመነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የሚጽፍልኝ ሰው አለ። አንዲት ቃል አሳምረህ ብትጨምር ውርድ ከራሴ ብዬዋለሁ።

ቤቴ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ፣ ከድንጋዩ ቦይ ዳር ነው። ላዩ ልብስ የምናሰጣበት ጠፍጣፋ ጣራ ነው። ሥሩ ደግሞ ስድስት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት አለ።

ምድር ቤቱን አርባ ዓመት ሙሉ በሚስማር ጠርቅሜው ኖሬያለሁ።

ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ "አይጥ አለበት" እላለሁ።

አብራኝ የምትኖረው የልጄ ልጅ ናት። ከማነሷ የተነሳ ድንቢጥ እላታለሁ እንጂ ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ ስለ ድንገተኛ አደጋ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጣትና አንድ ወፍራም ደብተር ይዛ ከች አለች።

"እማዬ፣ አንቺ ያላየሽው መከራ የለም። የምታውቂውን ሁሉ ንገሪኝ፤ በየፈርጁ አደራጅቼ እጽፈዋለሁ።"

"ሦስት ቀን ተምረሽ የመከራ ጸሐፊ ሆንሽ?" አልኳት።

አፌ ነው እንጂ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። የተማረ ሰው እኔን የሚጠይቅበት ቀን ስንት ነው?

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እኔ እናገራለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። መልሳ ታነብልኛለች። ልክ ከሆነ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከገጹ ግርጌ አሳርፋለሁ። ጣቴ ያላረፈበት ገጽ ሕግ አይደለም።

እኔ እንድለየው ደግሞ ለየክፍሉ ባለቀለም ወረቀት ለጠፈችልኝ። ሰማያዊው የሚጠጣ ውኃ ነው፤ እንዴት እንደሚፈላ፣ በምን እንደሚከደን። ቀዩ እሳት ነው፤ የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም፣ ክዳን ይደፋበታል። ነጩ ቁስል ነው፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጫኚው፣ "ቆመ ይሆን?" እያልሽ ደጋግመሽ አትግለጪው።

ቡናማው የጎርፍ ነበር።

ቡናማው ባዶ ነበር።

"እማዬ፣ ጎርፍስ?"

"ነገ።"

"ትናንትም ነገ ብለሽኛል።"

"ነገ አልኩ! ምላስ አታብዢብኝ።"

አንድ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳገላብጥ፣ ቡናማው ጋ እጄ ቆመ።

ገጹ ተነፋፍቷል... ውኃ ነክቶት እንደደረቀ ወረቀት። ደግሞም ተጽፎበታል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጎርፍ ነዋ። ትናንት ያጻፍሽኝ።"

"ትናንት ሐሙስ ነው።"

"አዎ፣ የእረፍት ቀኔ።"

ሐሙስ ሐሙስ የደም ግፊቴን ለማስለካት ጤና ጣቢያ ነው የምውለው። ወረፋው አያድርስ ነው። ቤቴ የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰሽ መጣሽ እኮ" አለች ድንቢጥ። "እዚያ ጥግ ፎጣ ተከናንበሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተቀመጥሽ። ድምፅሽ ሻክሮ ነበር። ዝናብ ሳይኖር ምን አረጠበሽ ብልሽ... 'ጻፊ' አልሽኝ። ከዚያ ተመልሰሽ ወጣሽ።"

የገጹን ግርጌ አየሁት። አሻራ አርፎበታል።

የእኔ አውራ ጣት መሃሉን የሚቆርጥ ጠባሳ አለው። ይሄኛው ጠባሳ የለውም። ትንሽ ነው። ደግሞም ጭምድድ ብሏል... ውኃ ውስጥ ብዙ ሰዓት የቆየ ጣት እንደሚሆነው።

"አንብቢው።"

"እማዬ፣ ምነው ፊትሽ—"

"አንብቢ አልኩሽ!"

አነበበች።

"ጎርፍ ሲመጣ ምድር ቤት ውረጂ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ። እቴቴ መጥታ እስክትጠራሽ እንዳትከፍቺ። ውኃው ጉልበት ሲደርስ ሳጥኑ ላይ ውጪ። ደረት ሲደርስ ማንኳኳቱን ተዪው፤ የሚሰማው ሰምቷል። ከምድር ቤቱ ጣራ ሥር አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ይቀራል። አፍንጫሽን እዚያ አድርጊ። ለሁለት ሰዓት ይበቃል... ቆጥሬዋለሁ።"

"እማዬ... እቴቴ ማን ናት?"

እቴቴ እኔ ነኝ። እንዲያ ብላ የምትጠራኝ በዚህ ምድር ላይ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ታናሽ እህቴ። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ለሰው ሁሉ የነገርኩት፣ ጎርፉ የመጣ ቀን እምቢ ብላ ምድር ቤት እንደቀረች ነው። ግትር ነበረች፣ እላለሁ።

ግትርስ አልነበረችም። ታዛዥ ነበረች። "እዚህ ግቢና ቆልፊ፤ እኔ መጥቼ ሳልጠራሽ እንዳትከፍቺ" ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ የልብስ ስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ጣራ ወጣሁ። ልመለስ ስል ውኃው ደረጃውን ውጦታል። ባሕር ቢሆንስ ብወርድ ምን ነበረበት? አልወረድኩም።

ሬሳዋን ያወጡት ሰዎች "ወዲያው ነው ያለፈችው፣ አልተሠቃየችም" አሉኝ። እኔም ይህንኑ ይዤ ኖርኩ።

ሁለት ሰዓት...

"ድንቢጥ" አልኳት፣ "ለአደጋ ብለሽ የገዛሻቸውን ጀሪካኖችና ባትሪዎች የት አደረግሻቸው?"

"ምድር ቤት ነዋ።"

"ሚስማሩን ማን ነቀለው?"

"እኔ ስወርድ ተነቃቅሎ ደረጃው ላይ በተርታ ተደርድሮ ነበር። አንቺ መስለሽኝ..."

ገጹን ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። እርጥብ እንጨት ይመስል ጢሱ ብቻ ቀረ። "ጎርፍ ከመጣ ወደ ላይ ነው የሚወጣው! ማንንም አትጠብቂ! እኔንም ቢሆን!" ብዬ ጮኽኩባት።

"ለምን? ማን ነው ያጻፈኝ?"

"ስላልኩሽ ነው!"

ያኔ እውነቱን ብነግራት ኖሮ ምን ነበረበት? ግን ኩራት የሚባል ነገር ምላስ ላይ ይቀመጣል።

በሳምንቱ ሐሙስ ጤና ጣቢያውን ተውኩትና፣ ምድር ቤቱን እንደገና የሚያሽግልኝ አናጢ ልጠራ ወጣሁ። ድንቢጥ ቤት ነበረች። ሰማዩ የጠራ ነበር። ዝናቡ የዘነበው እኛ ጋ ሳይሆን ከላይ፣ ቦዩ ከሚነሳበት ተራራ ላይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ መንገዱ ላይ ቡናማ ውኃ ይሮጣል። ከማዶ ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ ጣራው ላይ ቆሞ ይጮሃል።

"እትዬ! አይግቡ! ወደ ላይ ይውጡ!"

"ልጅቷስ?"

"አላየኋትም!"

ገባሁ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው። "ድንቢጥ!" አልኩ። ጓዳ የለችም። መኝታ ቤት የለችም። ውኃው በደረጃው ወደ ምድር ቤት ይንዶለዶላል።

በሩ ተዘግቷል። ሦስት ደረጃ ስወርድ ውኃው ጉልበቴን አለፈው።

"ድንቢጥ! እዚህ ነሽ?"

በሹክሹክታ ነው የመለሰችልኝ።

"እማዬ... ወድቄያለሁ፣ አንሺኝ ብለሽ ከዚህ ስትጠሪኝ ሰምቼ ነው የወረድኩት።"

"ክፈቺ!"

"አልችልም... እጄን ይዛኛለች።"

"ማን?"

"እቴቴ ትምጣ ትላለች።"

በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። እንደ ድንጋይ ነው። ውኃው ወገቤ ደረሰ። ከውስጥ ልጄ ስታለቅስ ይሰማኛል... ከልቅሶዋ ሥር ደግሞ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል። አጭር፣ አጭር። አየር የሚቆጥብ ሰው ትንፋሽ።

ያን ጊዜ አፌን በሩ ላይ ለጠፍኩት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እቴቴ ነኝ። መጥቻለሁ።"

በሩን በመዳፌ መታሁት።

"ግትር ነበረች ያልኩት ውሸት ነው። ቆልፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ። መኪናዬን ተሸክሜ አንቺን ተውኩሽ። ስታንኳኪ ሰምቻለሁ። እስክታቆሚ ድረስ ሰምቻለሁ... ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነው። ይኸው፣ አሁን መጣሁ። ነይ፣ ውጪ።"

ትንፋሹ ቆመ።

ከዚያ መቀርቀሪያው በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ሲንሸራተት ሰማሁት።

ድንቢጥ ከውስጥ ተወርውራ ደረቴ ላይ ወደቀች። በዚህ ዕድሜዬ በምን ጉልበት እንደጎተትኳት አላውቅም። ከቤቱ ወጥተን በውጭው መሰላል ጣራው ላይ ደረስንና ግድግዳው ጥግ ተቀመጥን። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

"ጎበዝ" አልኳት፣ "ከፈትሽው።"

"እኔ አይደለሁም የከፈትኩት" አለች። "ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር።"

ወደ ጎኔ አልዞርኩም። እሷም አልዞረችም። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ እንዳለ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ለምን ተራርቀን እንደተቀመጥን እንጃ።

ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሲሚንቶው ደርቆ ነጭ ሆኗል... መካከላችን ያለው ብቻ ጥቁር ርጥብ ነው፤ ርጥበቱም እየሰፋ ይሄዳል።

ጫማ ሰፊው ከማዶ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

"እትዬ! ተመስገን ነው! ኧረ ያችን መሃላችሁ ያለችውን ልጅ አንድ ነገር አልብሷት፤ በብርድ አለቀች እኮ!"

ድንቢጥ ክንዴን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ሹራቤን አወለቅሁ። ሳላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ ጣል አደረግሁት።

መሬት አልነካም።